የ«እሺ» ትርጉም

በአዲስ አበባ ቢሮዎች ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚነገረው ቃል የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሳላመነታ «እሺ» እላችኋለሁ። ስልክ ሲነሣ እሺ፣ ስብሰባ ሲያልቅ እሺ፣ አለቃ በር ገፋ አድርጎ «ይቺን ነገር እስከ ማታ ጨርሱልኝ» ሲል እሺ። አጭር ቃል ናት፤ የማትሸከመው ነገር ግን የለም። «ደስ ብሎኝ እሠራዋለሁ» የሚል እሺ አለ። «አልገባኝም፤ ደግሜ ብጠይቅ ግን ምን ይሉኛል» የሚል እሺ አለ። «እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ብነግርሽም አትሰሚኝም» የሚል እሺም አለ። አራተኛው ደግሞ «አሁን ሂጂልኝ፤ ሌላውን ነገ እናያለን» የሚለው ነው። አራቱም የሚጻፉት በሁለት ፊደል ነው።

ሰንጋ ተራ ከሚገኘው ኮሜርስ በማርኬቲንግ ተመርቄ ሥራ ዓለም ከገባሁ አሥር ዓመት ሆኖኛል። የምሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ የቤት ውስጥ መገልገያ ዕቃዎችን በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። መደቤ ማርኬቲንግ ኦፊሰር ነው፤ አምና መስከረም ላይ ግን «የቡድን መሪ» የሚል ተጨመረበትና አምስት ሰዎች በኔ ሥር ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ሥራዬ እሺዎችን መለየት ሆኗል ብል ማጋነን አይሆንም።

ለውጡ የታወቀኝ የሹመት ደብዳቤው በወጣ ማግሥት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ከሦስት ቀን በፊት አብረን አለቃ ስናማ የነበርን ሰዎች፣ እኔ ወንበር ስቤ ስቀመጥ ወሬው ወደ ቤት ኪራይና ወደ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ዞረ። ማንም አልተቀየመኝም፤ እንጀራውም እንደ ወትሮው ከአንድ ትሪ ተበላ። ግን በአንድ ሌሊት ውስጥ ከሚነገራቸው ሰዎች ወገን ወጥቼ፣ ከሚጠነቀቁላቸው ሰዎች ወገን ገብቼ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕቅድና ስለ በጀት፣ ስለ ዋጋና ስለ ገበያ ብዙ ተምሬአለሁ። ሰው አለቃ ሲሆን እውነት ከሱ መራቅ እንደሚጀምር ግን የተማርኩበት ክፍል አልነበረም።

አንቱታና ግልጽነት

ከአምስቱ ባልደረቦቼ አንዷ በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናቸው። ድርጅቱ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ የትኛው ደንበኛ በስንት ቀን እንደሚከፍል፣ የትኛው መጋዘን ክረምት ሲገባ እንደሚያፈስ ያለ ወረቀት ያውቁታል። እኔ «እርስዎ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «አንቺ» ይሉኛል። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህ መቀየር እንዳለበት መክረውኝ ነበር። «ስብሰባ ላይ አንቺ ካሉሽ ሌላው እንዴት ያከብርሻል?» አለችኝ አንዷ። ሌላው ደግሞ እንደ ውጭ ድርጅቶች ሁሉም በስሙ ይጠራ፣ አንቱታው ይቅር የሚል ነበር።

እኔ ባለበት ይሁን አልኩ። በአማርኛ «እርስዎ» ማለት ሥራን ማለስለስ ማለት አይደለም። «ሪፖርቱ እስከ ሐሙስ ማታ ካልደረሰ የዓርቡ ጭነት አይወጣም፤ ይደርስልዎታል ወይስ የሚያግዝዎት ሰው ልመድብ?» ብዬ ስጠይቃቸው ዓረፍተ ነገሩ አክብሮትም፣ ቀነ ገደብም፣ መውጫ መንገድም አለው። የሚያደናግረው አንቱታው ሳይሆን ማድበስበሱ ነው። «እስኪ እንደሚመችዎት፣ ቢቻል ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነበር» ብንላቸው የተከበሩ መስሎን ይሆናል፤ እሳቸው ግን መቼ እንደሚፈለግ ሳያውቁ ይቀራሉ።

እሺን መለየት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከስብሰባ ስንወጣ ወደ ቡና ማፍያው ጥግ ሳብ አድርገው፣ «የልጁን እሺ ሰማሽው?» አሉኝ። «ችኩል እሺ ነው። ሰው ሥራውን በሐሳቡ ሲጀምረው ትንሽ ይዘገያል፤ ወይ ይጠይቃል። ሳትጨርሺ እሺ ካለሽ አልሰማሽም፤ ወይም ፈርቶሻል።» ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው የምሰማው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከቃሉ በፊት ያለችውን ዝምታም ነው።

ከየት አመጣነው?

ችኩሉን እሺ ቢሮ አልፈጠረውም። ቤታችን ይዘነው የመጣነው ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም፤ እንግዳ ፊት ልጅ አያወራም፤ የታዘዙትን «ለምን?» ማለት ድፍረት ነው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ብዙ ጎረቤት አስታርቋል፣ ብዙ ለቅሶ አድምቋል፤ ይጥፋ የሚል ሰው አይደለሁም። ተረቶቻችን ግን ሁለቱንም ያውቃሉ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያለው ሕዝብ ራሱ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሏል። አዲስ አለቃ ቢሮው ሲገባ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ተረት ነው። ሁለተኛውን ማስገባት የሱ ፈንታ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው ምሳሌ ከቤታችን በላይ በየቀኑ ያልፋል። ቦሌ፣ ገርጂና ጎሮ ለምንኖር ሰዎች የአውሮፕላን ድምፅ እንደ ጎረቤት ዶሮ ነው፤ ቀንም ሌሊትም አለ፤ ልብ አንለውም። እዚያ ውስጥ የተቀመጡ አብራሪዎች ግን ስለ እሺ ልዩ ሥልጠና ይወስዳሉ። መነሻው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1977 በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት የደረሰው አደጋ ነው። አየሩ ጭጋግ ነበር። የኬ.ኤል.ኤም አውሮፕላን ካፒቴን የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። የፓን አም አውሮፕላን ገና ከመንደርደሪያው ላይ አልወጣም ነበር። የኬ.ኤል.ኤሙ የበረራ መሐንዲስ ያኛው አውሮፕላን መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ መውጣቱን በእርግጠኝነት መለሰለት። ካፒቴኑ በድርጅቱ እጅግ የተከበረ አሠልጣኝ ነበር። መሐንዲሱ ደግሞ አልጠየቀም። 583 ሰዎች አለቁ።

ከዚያ አደጋና ከሌሎችም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ናሳ ባዘጋጀው ጉባኤ የተጀመረው ውይይት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰጠውን የበረራ ቡድን ሥልጠና ወለደ። ፍሬ ነገሩ ሁለት ነው፤ የበታቹ ሥጋቱን በግልጽ እንዲናገር፣ የበላዩ ደግሞ ጠይቆ እንዲሰማ ማሠልጠን። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ብቻውን እንደማይሠራ ማንም ቢሮ የዋለ ሰው ይገባዋል።

የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንሰን በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ ያገኘችውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በደንብ ተግባብተው የሚሠሩ ቡድኖች በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ትንሽ ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ጠበቀች። የተመዘገበው ቁጥር ግን በተቃራኒው ሆነ፤ ጥሩ በሚባሉት ቡድኖች ዘንድ ብዙ ስሕተት ተመዝግቦ ተገኘ። ነገሩን ስትመረምረው ጥሩዎቹ ቡድኖች ስሕተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነበር። የሌሎቹ ተደብቆ ቀርቷል። «ከኔ ክፍል ችግር ተሰምቶ አያውቅም» የሚል አለቃ ስሰማ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

ጥያቄውን መቀየር

እኔ የጀመርኩት ከትንሿ ነገር ነው። ስብሰባ መጨረሻ ላይ «ገባችሁ?» ማለትን ተውኩ። በአማርኛ «ገባችሁ?» ለሚል ሰው አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። በምትኩ «ከየት ትጀምሩታላችሁ?» ወይም «ከዚህ ውስጥ የቱ ይከብዳል?» እላለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር መክበዱን አስቀድሞ ስለሚያምን የሚመልሰው ሰው አያፍርም።

ሁለተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከእያንዳንዳቸው ጋር ለሃያ ደቂቃ ከቢሮ ውጭ እቀመጣለሁ። ቦሌ ካፌ አይጠፋም፤ አንድ ማኪያቶ ይበቃል። እዚያ ስለ ሪፖርት አላነሣም። «በኔ አሠራር ሥራህን የሚያዘገይብህ ምንድን ነው?» እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት መልሱ «ምንም የለም» ነው። በሦስተኛው ላይ አንዱ፣ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቴሌግራም ስትልኪ ለነገ ይሁን ለአሁን አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ የማስበውን መልእክት የምልከው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ መጥፎ ዜና ይዞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ቃሌ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጥፋቱም ስለ መፍትሔውም እናወራለን፤ በር ዘግተን፣ ሁለታችን ብቻ። ሌላው ሰው የሚያየው ዜና ነጋሪው እንዴት እንደተስተናገደ ነው፤ የሱንም እሺ በዚያ ይመዝናል።

የገና ባዛር

ታኅሣሥ ላይ ሚሊኒየም አዳራሽ በተዘጋጀው የገና ባዛር ድርጅታችን ቦታ ተከራይቶ ነበር። የቅዳሜና የእሑድ ተራ ስመድብ የቡድናችን ትንሹ፣ ከተቀጠረ ሰባት ወሩ የሆነው ዲዛይነር፣ ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ «እሺ» አለ። የባልደረባዬ ትምህርት ትዝ አለኝ። ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረሁትና «ከሁለቱ ቀን የትኛው ይከብድሃል?» አልኩት። ጠረጴዛውን እያየ ቆየ። «ባለቤቴ ቀኗ ደርሷል» አለ በመጨረሻ። «ሐኪሙ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው ብሏል። ግን አዲስ ስለሆንኩ ፈቃድ መጠየቅ አልመሰለኝም።»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር። የሙከራ ጊዜውን ካለፈ ቆይቷል፤ የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ተራውን ለሁለት ከፍለን እኔና የሽያጭ ሠራተኛችን ያዝነው። ቅዳሜ ሌሊት ሴት ልጅ ተወለደች፤ አባቷ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገንፎ ልንበላ ሄድን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገብተን ስንቀመጥ እናትየው ለኔ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አይመጣም ብዬ አልቅሼ ጨርሼ ነበር።» ለአንድ ችኩል እሺ ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እሺ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ያለቀሰችው ቤት ያለችው ናት።

ከዚያ ወዲህ አዋጁን ከጠረጴዛዬ አላርቅም። አዲስ አለቃ የሆነ ሰው ሁሉ ቢያንስ እነዚህን በቃሉ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም፤ ክፍያውም ከመደበኛው ይበልጣል። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው። ለምትወልድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት አላት። ይህን ሁሉ ለቡድኔ በአማርኛ አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰው መብቱን ሲያውቅ ለልመና አይመጣም፤ አለቃውም ቸር ለመምሰል አይቸገርም። «አይመቸኝም» ማለት የሚችል ሰው «እሺ» ሲል ደግሞ አምነዋለሁ።

ወደ ላይም፣ ወደ ቤትም

ከላይ ያለው አለቃ ፊት እሺ ብቻ የሚል መሪ ከታች እውነት አይጠብቅ። ሥራ አስኪያጃችን በአንድ ስብሰባ ላይ አዲሱ ዕቃ ለጥምቀት ማስታወቂያው እንዲወጣ ፈለጉ። ቡድኔ የማይደርስ መሆኑን ከሳምንት በፊት ነግሮኝ ነበር። «ለጥምቀት አይደርስም፤ ለየካቲት መጀመሪያ ይደርሳል» አልኩ። «ለጥምቀት የግድ ከሆነ የቪዲዮው ሥራ ይቀርና በፖስተርና በሬዲዮ ብቻ እንወጣለን። የትኛው ይሻላል?» ፊታቸው አልፈካም። ከሁለት ቀን በኋላ የካቲት እንዲሆን ወሰኑ። የደስታዬ ምክንያት ግን ውሳኔው ብቻ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ሁለት ባልደረቦቼ፣ ሳልጠራቸው፣ ያልነገሩኝን ነገር ሊነግሩኝ ቢሮዬ መጡ።

ይህ ነገር ቢሮ አይቀርም። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ማታ «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስለው «ጥሩ» ይላል፤ «ጥሩ» ደግሞ የልጆች እሺ ናት። አንድ ቀን «ዛሬ ምን ከበደህ?» አልኩት። ሒሳብ ላይ መልሱን እያወቀ እጁን እንደማያወጣ፣ ከተሳሳተ ልጆች እንደሚስቁበት ነገረኝ። ባለቤቴና እኔ ተያየን። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ችኩሉን እሺ ከወዲሁ ተምሮታል። አሁን እራት ላይ እያንዳንዳችን በዕለቱ የከበደንን አንድ ነገር እንናገራለን። አባትየውም ይናገራል፤ በቤት ሥራ የምታግዘን ልጅም ትናገራለች። መጀመሪያ ላይ እሷ «ምንም» ትል ነበር። ባለፈው ሳምንት እሑድ እሑድ የማታ ትምህርት መመዝገብ እንደምትፈልግ ነገረችን።

መሪነት በሥልጠና አዳራሽ ብቻ የሚገኝ ነገር አይመስለኝም፤ ከሚያውቅ ሰው ጎን ቆሞ የሚለመድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ ሲጀምር ሥራውን ይመራ የነበረው የአሜሪካው ትራንስ ወርልድ አየር መንገድ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ፣ የተሾሙት በ1971 ነው። ሀያ አምስት ዓመት ከጎን እየቆሙ መማር ማለት ነው። እኔ ገና በሁለተኛው ዓመቴ ላይ ነኝ፤ የቆምኩትም ከአንዲት እናት ጎን ነው።

እሳቸው በመጪው ዓመት 60 ይሞላቸዋል፤ ጡረታ ይወጣሉ። የደንበኞቹን ዝርዝር መዝግበን ይዘናል፤ መጋዘኑም ቢሆን ይታወቃል። ጆሯቸውን ግን በወረቀት ማስረከብ አይቻልም። ስለዚህ ካለፈው ወር ጀምሮ አንድ ነገር ለምኛቸዋለሁ፤ ከስብሰባ በኋላ እኔን ወደ ጥግ መሳብ ይቅርና፣ እሺ ያለውን ልጅ ራሱን እንዲያነጋግሩት። «ምን ልበለው?» አሉኝ። «ለኔ የሚሉኝን» አልኳቸው።

እናንተም በዚህ ሳምንት፣ ቢሮም ይሁን ቤት፣ አንድ ችኩል እሺ ስትሰሙ ትንሽ ቆይታችሁ «የቱ ይከብዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል። እኔ ዘንድም በሦስተኛው ማኪያቶ ነው የመጣው።